ለባይክፓኪንግ የተጫነ ሳይክል ስንት ኪሎ ይሆናል? አመዛዘኑ ደረጃ በደረጃ

ስለ ሳይክል ጉዞ ባወራሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዕቃው ሁሉ ሲጫንበት ሳይክሉ ስንት ኪሎ ይሆናል?» አንዱ ሳይክል ሊገዛ ሲል ይጠይቃል። ሌላው ድንኳን ከውጭ ሊያስመጣ ሲል። ነገ ጠዋት ሊነሳ ማታ ላይ የሚደውልም አለ። ስለዚህ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጥላችሁ።

አጭሩ መልስ ይኸውና። ከተማ ለከተማ እየሄዳችሁ ፔንሲዮን የምታድሩ ከሆነ ከ20 እስከ 23 ኪሎ ጠብቁ። ድንኳን፣ መኝታና ምግብ ከያዛችሁ ከ26 እስከ 31 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ሳይክሉን፣ ቦርሳዎቹን፣ ውሃውንና ምግቡን ያጠቃልላል። እናንተን ግን አይጨምርም።

ባይክፓኪንግ ስል ዕቃው ፍሬሙ ላይ፣ መሪው ላይና ከኮርቻው ስር በሚታሰሩ ቦርሳዎች ተከፋፍሎ፣ አስፋልትም ኮረኮንችም የሚኬድበትን ጉዞ ማለቴ ነው። የኋላ መጫኛ ብረት ያለው ሳይክል ለያዛችሁም አመዛዘኑ ያው ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። የተጫነ ሳይክል ቀኑን ሙሉ አንድ ክብደት የለውም። ጠዋት ውሃ ሞልታችሁ ስትነሱ ይከብዳል። ውሃውም ቆሎውም ሲያልቅ ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ማወቅ ያለባችሁ የከባዱን ሰዓት ቁጥር ነው፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና ጉልበታችሁ የሚፈተኑት ያን ጊዜ ነውና።

ለምሳሌ ሁለት መንገዶችን እወስዳለሁ። ቀላሉ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ነው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ በየመሀሉ አሉ። ውሃም ምግብም አልጋም ይገኛል። ከባዱ ደግሞ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ፣ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው የባሌ መንገድ ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አምባው ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ላዩ ላይ ሱቅ የለም፣ በበጋ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሳይክሉም ነጂውም አንድ ሆነው ክብደቱ ግን በጣም ይለያያል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን። አብዛኛው እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፣ ይበቃችኋል።
- የኩሽና ሚዛን፣ ለትናንሽ ዕቃዎች።
- የሰው ሚዛን። ቤት ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ሂዱ። ሳይክል ተሸክማችሁ ስትቆሙ ቢስቁም ይመዝኑላችኋል።
- ጠንካራ ገመድ ወይም ቀበቶ።
- ከሰው ሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ ወይም የመጻሕፍት ድርድር።
- ሸራ ወይም ምንጣፍ፣ ዕቃ ለመዘርጋት።
- ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም ስልክ።
- ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላችሁ አንድ ሰው።

ደረጃ 1፦ ባዶውን ሳይክል መዝኑ

ገመዱን በፍሬሙ የላይኛው ቧንቧ አሳልፋችሁ ሚዛኑ ላይ አንጠልጥሉት። ሚዛኑን በእጅ ከመያዝ የበር መቃን ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ማሰር ይሻላል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩም ይዋልላል።

የሻንጣ ሚዛን ከሌላችሁ በሰው ሚዛን ይሆናል። መጀመሪያ ራሳችሁን መዝኑ። ቀጥሎ ሳይክሉን ተሸክማችሁ ውጡበት። ልዩነቱ የሳይክሉ ክብደት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት።

ፔዳሉ፣ የውሃ መያዣው፣ መብራቱ፣ ደወሉ ሁሉ እንዳለ ይሁን። አምራቹ የሚጽፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ፔዳል የሌለው ነው፤ የትንሹ ቁመት ሳይክል ክብደትም ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትነዱት ያን አይደለም።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ከፊት ብቻ ሞላ ያለው የተራራ ሳይክል በብዛት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ነው። ለኮረኮንች የሚሠራው የተቆለመመ መሪ ያለው ሳይክል ከ9 እስከ 11 ኪሎ ይገኛል። ለረጅም ጉዞ የሚሠራው የብረት ሳይክል ከ13 ኪሎ ይጀምራል። ለምሳሌያችን 14 ኪሎ እንያዝ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን በሙሉ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ መዝኑ

እንይዛለን ያላችሁትን ሁሉ ሸራው ላይ አውጡ። ባዶ ቦርሳዎቹን ጭምር። እያንዳንዱን መዝናችሁ በግራም ጻፉ።

አድካሚ ይመስላል፣ ግን የመመሪያው ዋና ሥራ ይህ ነው። ሳይክሉን የሚያከብዱት ጥቂት ትልልቅ ዕቃዎች ብቻ አይደሉም። 200 ግራም የምትሆን ዕቃ «ምንም አትል» ተብላ ትገባለች። አሥር ሲሆኑ 2 ኪሎ ናቸው። ካልተጻፈ አይታይም።

እግረ መንገዴን ስለ ጋቢ ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ጋቢ ይሞቃል፣ ግን ጥጥ ነው። መዝኑት፣ ከአንድ ኪሎ በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውሃ ሲጠጣ ይብሳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። ለሳይክል ጉዞ ቀለል ያለ ፖላር ጃኬትና የዝናብ ልብስ አብረው ቢያዙ ከአንድ ጋቢ ያነሰ ክብደት ይኖራቸዋል፤ በብርዱም በዝናቡም ይሠራሉ።

ደረጃ 3፦ በወገን በወገን ደምሩ

ለባሌው መንገድ የሚሆን ልከኛ ዝርዝር ይህን ይመስላል። ውድ የሆነ ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ደህና ዕቃ ነው።

- ባዶ ቦርሳዎች (የመሪ፣ የፍሬም፣ የኮርቻ ስር እና አንዲት ትንሽ የላይ ቦርሳ)፦ 1.6 ኪሎ
- መኝታ (የአንድ ሰው ድንኳን 1.5፣ የመኝታ ከረጢት 1.2፣ ፍራሽ 0.5)፦ 3.2 ኪሎ
- ልብስ፣ የዝናብ ልብስን ጨምሮ፦ 2.2 ኪሎ
- መሣሪያና መለዋወጫ፦ 1.4 ኪሎ
- ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ መብራት፣ ቻርጀር፦ 1 ኪሎ
- ምድጃ፣ ድስት፣ ነዳጅ፦ 1 ኪሎ
- መድኃኒትና የንጽሕና ዕቃ፦ 0.6 ኪሎ

ድምሩ 11 ኪሎ ነው።

ለሐዋሳው መንገድ መኝታውና ምድጃው ይቀራሉ። ድንኳኑን የሚይዘው የመሪ ቦርሳ ስለማያስፈልግ ባዶ ቦርሳዎቹ ወደ 1.1 ኪሎ ይወርዳሉ። መንገዱ ስለሚሞቅ ልብሱ 1.4 ኪሎ ይበቃዋል። መሣሪያው፣ ኤሌክትሮኒክሱና መድኃኒቱ እንዳሉ ናቸው። ድምሩ 5.5 ኪሎ።

በወገን መደመር ለምን ይጠቅማል? የት ላይ መቀነስ እንደሚቻል ወዲያው ያሳያችኋል። አብዛኛው ሰው የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሲቆርጥ ይውላል። ትልቁ ክብደት ግን መኝታው ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃውን አስሉ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚረሳው ይኸው ነው። ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ያዛችሁ ማለት ከድንኳንና ከመኝታ ከረጢት የበለጠ ጫናችሁ ማለት ነው።

ፀሐይ ላይ ስትነዱ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ልትጠጡ ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁን መጠን የሚወስነው የቀኑ ርዝመት ሳይሆን በሁለት የውሃ ቦታዎች መካከል ያለው ሰዓት ነው። ሐዋሳ መንገድ ላይ በየከተማው ስለሚገዛ 2 ሊትር ይበቃል። ሳነቴ ላይ 4 ሊትር ይዛችሁ ጀምሩ፤ በሳይክል ስትወጡ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ማታ ለማብሰልም ለመጠጥም ያስፈልጋል።

የውሃ ማከሚያ ኪኒን ወይም ጠብታ ያዙ። ክብደቱ ጥቂት ግራም ነው። ምንጭ ወይም ወንዝ ስታገኙ ሞልታችሁ አክማችሁ ትጠጣላችሁ፤ ያን ያህል ሊትር ከኋላ መሸከም ይቀርላችኋል። በክሎሪን የሚታከም ውሃ ግማሽ ሰዓት መቆየት ስላለበት ጥማት ሳይመጣ አስቀድማችሁ ጨምሩበት። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በጨርቅ አጥሉት፤ ጭቃው የክሎሪኑን ጉልበት ይበላዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ የማትነኩት ውሃን ነው። ሌላው አብዛኛው ይደራደራል።

ደረጃ 5፦ ምግቡን አስሉ

ደረቅ ምግብ ከያዛችሁ ለአንድ ሰው በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም ያዙ። የእኛ አገር የመንገድ ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል። በሶ በውሃ ብቻ ይበላል፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎ እየነዱም ይቆረጠማል። ድርቆሽ እንጀራ ውሃው ስለወጣ ከትኩሱ እንጀራ እጅግ ይቀላል። ጭኮ ቅቤ ስላለው በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ጾም ከሆነ ኦቾሎኒ ተኩት፤ 100 ግራም ኦቾሎኒ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው፣ ያው መጠን የእህል ዱቄት ግን 350 ገደማ ነው።

ቆርቆሮ ምግብ አትያዙ። የምትሸከሙት ብረትና ውሃ ነው።

ለባሌው መንገድ የሁለት ቀን ምግብ 1.6 ኪሎ ይሆናል። ለሐዋሳው ኪስ ውስጥ የሚቆይ ቆሎና ተምር፣ ግማሽ ኪሎ። ምሳና ራት በየከተማው አለ።

በበሶና በድርቆሽ የምትወጡ ከሆነ ምድጃውን ራሱን መተው ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ በአንዴ ይቀንሳል። ሳነቴ ላይ ግን ትኩስ ነገር የሌለበት ሌሊት ከባድ ነው፣ እኔ ምድጃውን እይዛለሁ።

ደረጃ 6፦ የከባዱን ሰዓት ድምር አውጡ

ባሌ፦ ሳይክል 14 + ዕቃ 11 + ውሃ 4 + ምግብ 1.6 = 30.6 ኪሎ።

ሐዋሳ፦ ሳይክል 14 + ዕቃ 5.5 + ውሃ 2 + ምግብ 0.5 = 22 ኪሎ።

አሁን ራሳችሁን ጨምሩ። 70 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ በልብስ፣ በጫማና በሄልሜት 72 ያዙ። ጠቅላላው ለባሌ 102.6፣ ለሐዋሳ 94 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ጠቅላላ ቁጥር ለሁለት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ሳይክሉ የሚችለውን ለማወቅ። አምራቾች የነጂን፣ የሳይክልንና የጭነትን ድምር ጣሪያ በመመሪያ ደብተሩ ወይም ፍሬሙ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጽፋሉ። ብዙዎቹ ከ110 እስከ 136 ኪሎ ውስጥ ናቸው። ያገለገለ ሳይክል ገዝታችሁ ወረቀቱ ከሌለ የሞዴሉን ስም ፈልጋችሁ አንብቡ። የኋላውን ቸርኬ ሽቦዎችም ቁጠሩ፤ ከባድ ጭነት ለሚይዝ ከ32 ያላነሰ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሽቦው ሲበዛ እያንዳንዱ የሚሸከመው ያንሳልና።

ሁለተኛ፣ ዳገቱን ለመገመት። ሜዳ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው፣ ጥቂት ኪሎ ብዙም አይሰማም። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን የሚፈጀው ሰዓት ከጠቅላላው ክብደት ጋር አብሮ ይጨምራል። 102.6 ከ94 በ9 ከመቶ ይበልጣል። በቀላሉ ጭነት አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዳገት በከባዱ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጨምራል። አምስት ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ከጎባ ወደ ሳነቴ ግን የሚወጣው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ አምባው ላይ ስትደርሱ ደግሞ በአየሩ ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የጉልበታችሁ ጣሪያ ዝቅ ብሎ ክብደቱ እንዳለ ይቆያል።

እዚህ ላይ ማርሻችሁን እዩ። ለ30 ኪሎ ሳይክል የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጥርስ በደንብ ማነስ አለበት። ከፊት 32፣ ከኋላ 46 ቢሆን በ29 ኢንች ጎማ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሉ 1.6 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ሳትወርዱ መውጣት ትችላላችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማርሽ ከሌላችሁ ወይ ጭነቱን ቀንሱ ወይ ለመግፋት ተዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ ቀንሱ

ዝርዝሩን ከከባዱ ወደ ቀላሉ ደርድሩት። ከላይ ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። መንገድ ላይ ይገዛል? ሌላ የያዝኩት ዕቃ ሥራውን ይሠራል? ሁለት ሆነን ከሄድን እንጋራዋለን?

መጋራት ከሁሉ የበለጠ ያዋጣል። ድንኳን፣ ምድጃ፣ መንፊያ፣ የመሣሪያ ቦርሳ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ባለ ሁለት ሰው ድንኳን 2.2 ኪሎ ቢሆን አንዱ ጨርቁን ሌላው ዘንጉን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 1.1 ኪሎ ደረሰው።

ልብስ አንዱ ሲታጠብ ሌላው የሚለበስ ይሁን። ሦስተኛ አያስፈልግም። ጂንስ ሱሪ፣ ፎጣ፣ ሙሉ ሳሙና፣ ሙሉ የጥርስ ሳሙና ይቅሩ። ከሳሙናው ቆርጣችሁ ያዙ።

የማይቀነሱ ዕቃዎች አሉ። ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ቀዳዳ መድፈኛ፣ አለን ቁልፍ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የዝናብ ልብስ፣ መድኃኒት፣ መብራት። ሐዋሳ መንገድ ላይ ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ግን ጎማው ጎሚስታው ፊት አይተነፍስላችሁም።

ደረጃ 8፦ ክብደቱን በቦታው አስቀምጡ

30 ኪሎው ጥሩ ከተቀመጠ ሳይክሉ ይታዘዛል። መጥፎ ከተቀመጠ 22ም ይወዛወዛል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከባድ ነገር ወደ ታችና ወደ መሀል፣ ቀላልና ሰፊ ነገር ወደ ዳር።

ፍሬሙ መሀል ያለው ቦርሳ ውስጥ ውሃ፣ መሣሪያ፣ ፓወር ባንክና ምግብ ይግባ። ክብደቱ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መዞሪያ ላይ አይጎትታችሁም።

ከኮርቻው ስር ባለው ቦርሳ ውስጥ ልብስና የመኝታ ከረጢት ይግቡ። ከልብሶቹ ከበድ ያለው ወደ ኮርቻው ምሰሶ ይጠጋ። ጫፉ ላይ ከባድ ነገር ከገባ ቦርሳው እንደ ላም ጅራት ግራና ቀኝ ይማታል፤ እናንተ ቆማችሁ ፔዳል ስትረግጡ ደግሞ ይብሳል። ሞልታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ለማጥበቂያ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ከየትኛውም ገመድ ይሻላል፣ ስለሚለጠጥ አይላላም።

መሪው ላይ ድንኳኑን ወይም ፍራሹን አድርጉ። ከ3 ኪሎ አይለፍ። መሪው ሲከብድ ሳይክሉ ዘግይቶ ይታዘዛል፣ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ለመሸሽ አይመችም።

የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት እግሮች ላይ ዕቃ ማሰሪያ ቀዳዳ ካለ እዚያ ውሃ ይመቻል። ብዙ አምራቾች በየጎኑ 3 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳሉ። ሁለቱን ጎን እኩል አድርጉ፣ ውሃውንም ከሁለቱም እያፈራረቃችሁ ጠጡ።

ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ካልቀረላችሁ ከ2 ኪሎ አታሳልፉት። ሳይክሉን ያቀለላችሁ ይመስላችኋል እንጂ ክብደቱ በትከሻችሁና በመቀመጫችሁ በኩል አልፎ ያው ሳይክሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ከሰዓት በኋላ መቀመጫችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 9፦ ጎማ በጎማ መዝኑ

ሁሉም ተጭኖ፣ ውሃም ተሞልቶ፣ የፊት ጎማውን የሰው ሚዛን ላይ አቁሙት። የኋላ ጎማው በጣውላው ላይ ይቁም፤ ሳይክሉ ሜዳ ላይ እንደቆመ እኩል መሆን አለበት። አንድ ጎኑ ከፍ ካለ ክብደቱ ወደ ዝቅተኛው ይሸሽና ቁጥሩ ይሳሳታል። ረዳታችሁ እንዳይወድቅ በጣት ብቻ ይደግፈው፣ አይጫነው አያንሳው። ቁጥሩን ጻፉና አቀያይራችሁ የኋላውን መዝኑ።

የሁለቱ ድምር ደረጃ 6 ላይ ያወጣችሁት ቁጥር መሆን አለበት። በብዙ ከበለጠ ያልጻፋችሁት ዕቃ ገብቷል። ፈልጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦርሳ ጥግ ላይ አለ።

የኋላው ከፊቱ መጠነኛ ብልጫ ቢኖረው ደህና ነው። ለ30.6 ኪሎ ሳይክል ፊት 13፣ ኋላ 17.6 አካባቢ ጥሩ ክፍፍል ነው። ኋላው 22 ከሆነ አንድ ሁለት ኪሎ ወደ ፍሬሙ ወይም ወደ ፊት አምጡ። እናንተ ስትቀመጡበት አብዛኛው ክብደታችሁ ኋላ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቶሎ ሽቦ የሚበጥሰውና ጎማ የሚጨርሰው የኋላው ነው።

ደረጃ 10፦ ነፋሱን አስተካክላችሁ ሞክሩት

ለተጫነ ሳይክል ከባዶው ትንሽ በለጥ ያለ ነፋስ ያስፈልጋል፣ በተለይ ለኋላው። ከጎማው ጎን የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር አትለፉ። ነፋሱ ካነሰ ድንጋይ ላይ ጎማው እስከ ቸርኬው ተጨፍልቆ ካላማዳሪያው ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ከበዛ ደግሞ ኮረኮንቹ ላይ ያነጥራችኋል።

ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ይዛችሁ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ንዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ ወደ እንጦጦ መውጣትና መውረድ ጥሩ ፈተና ነው፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም አንድ ላይ አለ። አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙና ብሎኖቹንና ማሰሪያዎቹን አጥብቁ። ቦርሳ ጎማ ይነካል? ጉልበታችሁ ይመታዋል? የፍሬንና የማርሽ ገመድ በመሪ ቦርሳው ተጨፍልቋል? ቤት ሳላችሁ ይታወቅ።

የመጨረሻው ፈተና ማንሳት ነው። የተጫነውን ሳይክል በሁለት እጅ አንስታችሁ አምስት ስድስት ደረጃ ውጡ። የፔንሲዮን ክፍል ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። ድልድይ የፈረሰበት ወንዝም ይኖራል። ብቻችሁን ማንሳት ካቃታችሁ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ።

ማስጠንቀቂያ

- ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ። ከባድ ሳይክል ለማቆም ፍሬኑ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳ ይችላል። የዲስክ ፍሬንም ሲግል ይላላል። ጠንከር አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ከጎሐ ፅዮን ወደ አባይ ድልድይ ወይም ከሳነቴ ወደ ሐረና እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት ላይ ቆም እያላችሁ አብርዱት። ትኩስ ዲስክ በእጅ አትንኩ።
- ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ጫማውን ውፍረት እዩ። ጭነት ሲኖር ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብና ጭቃ ሲጨመር ደግሞ በአንድ ቁልቁለት ሊያልቅ ይችላል።
- የተጫነ ሳይክል ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ከአይሱዙና ከሚኒባስ ኋላ ራቅ በሉ።
- የካርቦን ፍሬም ወይም የካርቦን የኮርቻ ምሰሶ ካላችሁ ቦርሳ ማሰር ይፈቀድ እንደሆነ የአምራቹን መመሪያ አንብቡ። ማሰሪያው የሚነካበትን ቦታ በቴፕ ሸፍኑ፣ አቧራ ገብቶ ይሞርደዋል።
- አውቶቡስ ጣራ ላይ ሲጫን ቦርሳዎቹን ፍቱ። ቀሎ ይነሳል፣ ቦርሳውም ከዓይናችሁ አይርቅም።
- የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን አይፈቀድም፣ በእጅም በሻንጣም። የሳይክሉን ካርቶንም ቤት መዝኑት። በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የአንድ ሻንጣ ጣሪያ 23 ኪሎ ነው፤ 14 ኪሎ ሳይክል ከካርቶኑ ጋር ብዙ ቦታ አይተርፈውም።
- ሳነቴ ላይ እንጨት አታንድዱ። ደረቅ አስታ በቀላሉ ይያያዛል፣ ነፋሱም አይተኛም።

የተለመዱ ስህተቶች

ባዶ ጠርሙስ አስሮ መመዘን የመጀመሪያው ነው። «ሳይክሌ 25 ኪሎ ነው» ያለኝ ሰው ውሃ ሲሞላበት 29 ሆኖ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ቦርሳውን ራሱን አለመቁጠር ነው። ውሃ የማያስገባ ወፍራም ቦርሳ ባዶውን ከግማሽ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አራት ሲሆኑ ሁለት ኪሎ ሄደ።

ሦስተኛው ትልቅ ቦርሳ መግዛት ነው። ቦታ ካለ ይሞላል። መጀመሪያ ዕቃውን መዝኑና ከምሩት፣ ከዚያ የሚበቃውን ቦርሳ ግዙ። የተገላቢጦሽ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው።

ገንዘባቸውን ቀላል ሳይክል ላይ የሚያፈሱም አሉ። ከሳይክሉ አንድ ኪሎ ለማስወገድ የሚወጣው ብር ከመኝታው አንድ ኪሎ ለማስወገድ ከሚወጣው ብዙ እጥፍ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሁለቱም ያው አንድ ኪሎ ናቸው።

የሰው ዝርዝር መገልበጥም አለ። ከላይ ያስቀመጥኩት ዝርዝር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ መንገድ፣ ለአንድ ወቅት ነው። በክረምት ወደ ባሌ የሚወጣ ልብሱ ይጨምራል። መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ያን መጀመሪያ ይጽፋል። ከጉዞ ስትመለሱ ቦርሳውን ከማራገፋችሁ በፊት ዕቃውን በሦስት ክፈሉት፦ በየቀኑ የተጠቀማችሁበት፣ አንዴ ብቻ የተጠቀማችሁበት፣ ጭራሽ ያልነካችሁት። ሦስተኛው ክምር ውስጥ መለዋወጫ፣ መድኃኒትና የዝናብ ልብስ ካሉ መልሱ፣ እነሱ ሳይነኩ ቢመለሱም ይያዛሉ። የቀረውን ከዝርዝሩ ሰርዙና አዲሱን ድምር በቀን ጻፉበት።